ያልጸለየላቸው ዓመታት

ኃይለ ሚካኤልን የማያውቅ የኮምቦልቻ ምእመን የለም። ጉባኤ የሚያስተባብረው፣ ለንግሥ ድንኳን የሚያስተክለው፣ ለጉዞ አውቶቡስ የሚያፈላልገው እሱ ነው። በግሉ መጸለይ ከተወ ግን ዓመታት አልፈዋል፤ «የማገለግለው ክርስቶስን አይደል?» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

እናቱ ወይዘሮ አረጋሽ ደሴ ከተማ ታመው መተኛታቸውን ሲሰማ እየከነፈ ወጣ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ስለ መጪው ጉባኤ ሲያወራላቸው እጁን ያዙት።

«እሱ ይቆየን ልጄ፤ እስቲ ጸልይልኝ።»

ተነሥቶ አማተበና አባታችን ሆይን በጉባኤ እንደለመደው ወረደው። ከዚያ ስለ እናቱ ሊለምን ቢሞክር ቃል አጣ። ለብዙ ጊዜ ሳይጠይቀው የቆየ ዘመዱ ፊት የቆመ ያህል ክርስቶስን አፈረው።

«እኔ እኮ እስከ ዛሬ በአንተ ጸሎት የምኖር ይመስለኝ ነበር» አሉ እናቱ፣ ሳይቆጡ።

«እማዬ፣ ስለ ክርስቶስ ስሯሯጥ እሱን ራሱን ረሳሁት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«በል አብረን እንለምነው» ብለው በደከመ ድምፅ ጀመሩለት፤ እሱም እያለቀሰ ተከተላቸው።

በሳምንቱ ዐረፉ። ኃይለ ሚካኤል ዛሬም ያገለግላል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሳይጸልይ ከቤት አይወጣም። በጸሎቱ መሀል የእናቱን ስም ሲያነሣ፣ በሕይወት ሳሉ ሳይለምንላቸው ያለፉት ዓመታት ያንገበግቡታል።