ቤዚና ቀዩ አፍ

ጌታነህ ሶዶ ከተማ ውስጥ የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ሰዓሊ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ፊቱን ተቀብቶ ሕፃናት የሚያስቅ ክላውን ይሆናል፤ ልደት ላይ፣ የሕፃናት ምረቃ ላይ። ሥራውን ይወደዋል። የሚያንገበግቡት ሕፃናቱ ናቸው። ግማሾቹ ሱሪውን ይጎትታሉ፤ ግማሾቹ እናታቸው ጉያ ገብተው ያለቅሳሉ። የሚያለቅሱትም ቢሆኑ ዓይናቸውን ከእሱ አይነቅሉም፤ በጣታቸው መሃል አጮልቀው ያዩታል።

«ከፈሩ ለምን ያዩኛል? ካዩኝስ ለምን ይፈራሉ?» እያለ ቤቱ ይገባል።

«እኔን ምን ትቆጣኛለህ? እኔ አላለቀስኩም» ትለዋለች ሚስቱ ኢየሩሳሌም።

የሰው ልጅ ሲያለቅስ ችሎ ኖሯል። የገዛ ልጁ ስትፈራው ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

ቤዚ አራት ዓመቷ ነው። አባቷን በክላውን ልብስ አይታው አታውቅም ነበር። ሰኔ ላይ ኬጂዋ የዓመቱን መዝጊያ ሲያዘጋጅ ጌታነህን ጋበዙት፤ እሱም ሊያስደስታት ብሎ ሳይነግራት ሄደ። ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ አፉን እስከ ጉንጩ ድረስ በቀይ ስሎ፣ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለና «ቤዚዬ!» አላት።

ስሟን መጥራቱ ነገሩን አባሰው። ያ ፍጡር እሷን ከየት አወቃት? ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ክፍሉ በሙሉ ተከተላት። ጌታነህ እዚያው በእርጥብ ፎጣ ፊቱን ሞዠቀና «እዪኝ፣ አባዬ ነኝ!» አላት። አይታ የባሰ ሸሸች።

ከዚያ በኋላ ጭኑ ላይ መቀመጥ ተወች።

«ያኛው የት ሄደ?» ትለዋለች በር ላይ ቆማ።

«እኔ ነኝ እኮ ያኛው!»

«እሱማ ነው የሚያስፈራው።»

አማቱ እማማ አሳየሽ ይህን ሰምተው ከበዴሳ መጡ። «ጌታ የሰጠህ ፊት ምን አነሰህ፣ ልጄ?» አሉት ገና ሳይቀመጡ።

«ቀለም ነው እኮ፣ እማማ! እኔ ቀን ሙሉ ከቀለም ጋር ነው የምውለው!»

«ሰሌዳ መቀባትና ሰው መቀባት አንድ ነው?»

በማግስቱ ግን ጌታነህ ጓዳ ሲገባ፣ እማማ የክላውኑን ቀይ አፍንጫ አድርገው መስታወት ፊት ቆመው ደረሰባቸው። ፈጥነው አወለቁት። «ያፍናል» ብለው ወደሚልጡት ጎደሬ ተመለሱ።

በመጨረሻ መሮት የቀለም ሣጥኑን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «ነይ፣ ከመጀመሪያው እዪ» አለ። ቤዚ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ አለች። ነጩን ሲቀባ ቀረብ አለች። አፍንጫውን ሲያደርግ ነካችው። ዊጉን ሲደፋ ሳቀች። አፉን ስሎ እንደጨረሰ ግን ወደ ሣጥኑ ስታጎነብስ ቀዩን ቀለም ገፋችው፤ ግድግዳው ላይ አስደግፎት የነበረው አዲስ ታፔላ ላይ ተደፋ። የሁለት ቀን ሥራ!

«ቤዚ!» ብሎ ጮኸ።

ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ታፔላውን አላየችም፤ አፉን ነበር የምታየው።

«ተቆጥተሃል?»

«አልተቆጣሁም!»

«እየሳቅህ ነው?»

«አልሳቅሁም!»

«ታዲያ ምን ሆነሃል?» አለች፤ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ጌታነህ መስታወቱን አነሳ። ቅንድቡ ተኮሳትሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ግን እስከ ጆሮው ድረስ ይስቃል። እንኳን ለልጅ፣ ለራሱም ደስ አላለውም። በክንዱ አፉን ጠረገና «አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። በጣም ነው የተናደድኩት» አላት።

«እሺ» አለች፤ ተነፈሰች። ቀስ ብላ መጥታ ጭኑ ላይ ወጣች። ጉንጩ ገና ነጭ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አረካ ላይ ልደት ነበረው። አፉን ሳይስል ሄደ። እውነትም የሚያለቅሱት ቀነሱ፤ ጌታነህ ደረቱን ነፍቶ ፊኛ ማደል ጀመረ። የልደቱ ባለቤት ፊቱ መጥታ ቆመችና ሽቅብ አየችው።

«ይሄ ክላውን አይደለም፤ አፉ የታለ?» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ጌታነህ ሰማይ ሰማይ አየ። ከዚያ ቀዩን ቀለም ከኪሱ አወጣና እጇ ላይ አኖረው። «በይ፣ አንቺው ሳዪልኝ» ብሎ ተንበረከከላት።