አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ድምፅ

የሙዚቃ አስተማሪዋ አዲሱን ዲጂታል ፒያኖ ከኮምፒውተር ጋር ልታገናኝ የተቀመጠችው ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ አውቶቡስ ነጂው ባሏ በጎን ክፍል ሸሚዙን ይተኩሳል። የቁልፎቹን መልእክት የሚያመላልሰውን የሚዲ ኬብል አንዱን ጫፍ ፒያኖው ላይ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካች። ሐሳቧ ኮምፒውተሩ የምትነካቸውን ቁልፎች እየተቀበለ ኖታ እንዲጽፍላት ነበር፤ ተማሪዎቿ የእጅ ጽሑፏን "ዶሮ የጫረው" እያሉ አስመርረዋታል።

የቫዮሊን ድምፅ መረጠች፤ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቃ አንድ ቁልፍ ነካች። ሁለት ድምፅ ሰማች። አንደኛው የራሷ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዱካዋን እንደሚከተል ሰው ዘግየት ብሎ መጣ። ደገመችው። አሁንም ተከተላት። መላ ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

ሌላ ሰው ቢሆን "ዕቃው ቀልቡ ተገፏል" ብሎ ይስቅ ነበር። እሷ ግን የእናቷ ልጅ ናት። እናቷ በእሷ ዕድሜ ሳለች ነበር "ግድግዳው ውስጥ ሴቶች ሲዘፍኑ ይሰማኛል" ማለት የጀመረችው። መጀመሪያ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ስታስጠጋ ብቻ ነበር የሚሰማት፤ በኋላ የትም ብትሄድ አልለቅ አላት። አስተማሪዋን ታላቅ እህቷ "በዘር ይሄዳል ይላሉ፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ" ብላት፣ ይኸው አግብታም ወልዳም ሆዷ ውስጥ ቀብራው ኖረች።

ሌላ ቁልፍ ተጫነች። ድርቡ ድምፅ ሲመጣ ደንግጣ፣ ጣቷን ሳታነሳ ኬብሉን መንጭቃ ነቀለችው። ከዚያ ጣቷን አነሳች። ድምፁ አልቆመም። ማዳመጫውን አወለቀች፤ ቤቱ ጭር አለ። መልሳ አደረገችው፤ ድምፁ እዚያው ነው።

"እንደ እማዬ" አለች በልቧ።

ባሏ በሩ ላይ ብቅ አለ። "ምነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"ድምፅ... ይሰማሃል?"

"የምን ድምፅ? ምንም የለም እኮ።"

ማዳመጫውን አውልቃ ልትሰጠው እጇን ዘረጋችና መልሳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። አሁንም "ምንም የለም" ካላትስ? ሰዎች እናቷን ያዩበት በነበረው ዓይን ልጆቿ እሷን ሲያዩዋት ታያት።

"ኧረ አታስፈሪኝ! ወዲህ በይው" አለና ከእጇ ፈልቅቆ አጠለቀው። ግንባሩን ቋጠረ። እሷ አፍ አፉን ታየዋለች።

"ወይ ጉድ! ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያላዝነው? ጆሮዬን በሳው!"

መሬት ላይ ዘፍ አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እሱ ግራ ገባው፤ "ለፒያኖ ነው እንዲህ? ይሠራል እኮ!" አላት። ያን ጊዜ የእናቷን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረችው። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሰማት።

"ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻሽን?" አለ ቅር ብሎት። "እኔ ምንሽ ነኝ ታዲያ?"

ፒያኖውን አጥፍተው ቢያበሩት ድምፁ ጠፋ። መመሪያውን አብረው አገላበጡ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ፒያኖው በራሱ ድምፅ ያወጣል፣ ኮምፒውተሩም የተቀበለውን መልሶ ይልክለትና ያው ኖታ ሁለቴ ይሰማል። ኬብሉን ስትነቅለው ደግሞ "ጣቷ ተነስቷል" የሚለው መልእክት መንገድ ላይ ቀረ፤ ፒያኖው ገና እንደተጫነች መስሎት ቀጠለ። ኮምፒውተሩ መልሶ እንዳይልክ አደረጉት። ፈራ ተባ እያለች አንድ ቁልፍ ነካች፤ አንድ ድምፅ ብቻ ሰማች።

ፍርሃቷ ግን በዚህ አላበቃም። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀቻትና፣ "የእናት ሕመም የግድ ለልጅ አይተላለፍም፤ አብዛኞቹ ልጆች ሳይነካቸው ይኖራሉ። የሚያጠራጥር ነገር ካዩ ግን ሳይደብቁ ቶሎ ይምጡ" አለቻት።

ደረጃውን ሲወርዱ ባሏ ክንዷን ያዛት፤ እሷም ልቀቀኝ አላለችውም።