ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው ማሽን

እመቤት ከጫግኒ መጥታ በእንጅባራው የዘር ድንች ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ስድስት ወር ሞላት። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ዛሬ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽባባው ጠዋት በር ላይ አግኝተዋት ነገሩን አሳጠሩት።

«እስከ ስድስት ሰዓት ኢሜይሉ ካልሠራ ከባሕር ዳር ባለሙያ እጠራለሁ። ያኔ የአንቺን ቋሚነት እናስብበታለን።»

ትናንት የጠፋው መብራት የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። ከዚያ ወዲህ የዳንግላ ቅርንጫፍ በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል፤ አንድ መልእክት አልደረሰውም። እመቤት የኢሜይሉን ማስተዳደሪያ ገጽ ልትከፍት ብትሞክር ኢሜይሉን የሚያስተናግደው ማሽን እምቢ አላት። የገጹን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው የደኅንነት ምስክር ወረቀት ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል።

«ዓምና የወጣ ወረቀት እንዴት ገና ይሆናል?» አለች፣ በቀዘቀዘ ጣቷ ላይ እየተነፈሰች።

«የጫግኒ ሰው በእንጅባራ ብርድ ጣቱ አይታዘዘውም» አሉ ጋሼ ደጉ። የማሽኖቹን ክፍል ቁልፍ የሚይዙት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩን ተደግፈዋል።

«ጋሼ፣ ጠዋት ማሽኑን የከፈቱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ቀንና ሰዓት ሙላ አለኝ። ሞላሁለት።»

«ምን ብለው?»

«ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ያለውን ነዋ! አሥራ ሰባት፣ ዘጠነኛ ወር፣ ሁለት ሺህ ስምንት። ግንቦት አሥራ ሰባት አይደል እንዴ ዛሬ?»

እመቤት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ቀኑን የሚያስታውስለት ትንሽ ባትሪ አልቆ ኖሮ፣ ማሽኑ ጋሼ ደጉ ያሉትን አምኖ ተቀብሏል። ለማሽኑ ዘመኑ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ስምንት ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ሊወጣ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል።

«ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሱት እኮ!»

«እኔንም እንዲሁ ብትመልሽኝ ምን አለበት» አሉ ጋሼ ደጉ፣ ሳይስቁ።

ቀኑን አስተካከለች፦ ሜይ ሃያ አምስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ በፈረንጅ። ምስክር ወረቀቱ ተቀባይነት አገኘ። ስሟንና የይለፍ ቃሏን ስታስገባ ግን ሌላ እምቢታ መጣ፤ የይለፍ ቃል ከሚያረጋግጠው ከጎረቤቱ ማሽን ጋር ሰዓቱ አይስማማም አለ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያዩ አይተማመኑም።

እመቤት የእጅ ሰዓቷን አየች፤ አራት ተኩል። ማሽኑን አየች፤ አራት ተኩል።

«ልክ ነው እኮ!» አለች። ደግማ ሞከረች። እምቢ። ማሽኑን አጥፍታ አስነሣች። እምቢ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። የዳንግላው ስልክ እንደገና ጮኸ፤ አላነሣችውም።

ጋሼ ደጉ ቀስ ብለው ገቡ። አንዱን ማሽን አዩ፤ ሌላውን አዩ።

«እኔ አላውቅም፤ ይሄኛው ግን ወደ ቤት ሊሄድ ነው መሰለኝ።»

«ማን?»

«ጎረቤቱ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው ይላል። የሥራ መውጫው ደርሷል።»

እመቤት ወደ ጎረቤቱ ማሽን ዞረች። ፊቷ ቀላ።

«ዓመቱን የፈረንጅ አደረግሽው፤ ሰዓቱን የእኛ ተውሽው» አሉ ጋሼ ደጉ። «እኔስ አልደባለቅኩም፤ ሁሉንም የእኛ ነው ያልኩት።»

ማሽኑ ላይ ስድስት ሰዓት ጨመረች። ገጹ ተከፈተ። የታጎሩት መልእክቶች ተግተልትለው ወጡ። ወዲያው ከዳንግላ ተደወለ፤ አሁን በዛብን ብለው ነው።

አቶ ሽባባው ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ገቡ።

«ማነው ያበላሸው?»

ጋሼ ደጉ ቁልፎቻቸውን መደርደር ጀመሩ። እመቤት ሁሉንም በሳቸው ላይ መጣል ትችል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ዓመቱን ጋሼ ደጉ፣ ሰዓቱን እኔ። ያገኙት ግን እሳቸው ናቸው።»

አቶ ሽባባው ተራ በተራ አዩዋቸው። በመጨረሻ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«የባሕር ዳሩ ሰው ይቅር። ዓርብ የቋሚነት ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ።»

እሳቸው ሲወጡ ጋሼ ደጉ በሩን ያዙ።

«ነይ ውጪ፤ ልቆልፈው ነው» አሏት። «እስከ ዓርብ ሁለታችንም ባንነካው ይሻላል።»