የሙሀይሚን ወረቀቶች

«ዱአው ሳይጀመር አቃጥዪው» አለ ዑመይር። የወረቀቱን ክምር እህቱ ፊት ወረወረው።

ሩፋይዳ አላነሳችውም። ታናሽ ወንድማቸው ሙሀይሚን ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዑመይር ስለ ሟች ነፍስ መጨነቅ የጀመረው ነፍሱ ከወጣች በኋላ ነው፤ በሕይወት ሳለማ ቡታጅራ ሲመጣ በወጉ ሰላም አይለውም ነበር።

«ምን አደረገህ?»

«ኮከብ ቆጣሪ ነበር እያሉት ነው። ይኸው፣ በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ክታብ ካልሆነ ምንድነው? ለኮከብ ቆጣሪ ማን ዱአ ያደርጋል?»

«ያሉት እነሱ ናቸው ወይስ አንተ?»

ዑመይር ዓይኑን ሰበረ። ሩፋይዳ ያን ጊዜ ጠላችው።

አምና በረመዳን ሙሀይሚን እነዚህኑ ወረቀቶች እዚሁ ክፍል ዘርግቶላት ነበር። አዲስ አበባ ያጠና የነበረው ጋላክሲዎች እንዴት ተፈጥረው እንዳደጉ ነው። «የአንዱን ጋላክሲ ብርሃን በጅምላ አናየውም» አላት። «ምስሉን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለን ከየአንዳንዱ የሚመጣውን ለየብቻ በቀለም በቀለሙ እንለየዋለን። ቀዩ ጎን ከእኛ ይርቃል፣ ሰማያዊው ወደ እኛ ይመጣል፤ እየዞረ ነው ማለት ነው። ያረጁት ኮከቦች የት እንዳሉ፣ አዲሶቹ የት እንደሚወለዱም እናውቃለን።» እሷ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» አለችው። እሱም ሳቀ። ያንን ሳቅ ስታስታውስ በራሷም ተናደደች።

ከላይ ያለውን ወረቀት አንስታ ወጣች። አክስቷ ከድጄ «ወንዶች መሃል ልትገቢ ነው?» ብላ ሻርፗን ያዘች። ሻርፑን ትታላት ሄደች።

ድንኳኑ ውስጥ ሼህ ሙስተፋ ለዱአው ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋችው።

«ወንድሜን ኮከብ ቆጣሪ ያላችሁ ኑና እዩ። ይሄ የሚርቀው ጎን ነው። ይሄ ደግሞ የሚመጣው። እዚህ ጋ ኮከብ ይወለዳል። ለማንም ጠንቁሎ አያውቅም፤ አላህ የፈጠረውን ነው ያየው።»

ሼሁ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና «ሱብሃነላህ» አሉ በቀስታ። ከዚያ «ዱአ እናደርጋለን» አሉ።

ዑመይር ከኋላዋ መጥቶ ነበር። ሰው ፊት መረታቱ አንገብግቦታል።

«እሺ አዋቂዋ» አለ፣ ጣቱን ወረቀቱ መሃል ላይ ተክሎ። «ይሄ ጥቁሩስ ምንድነው?»

ሩፋይዳ አየችው። አላወቀችውም።

«ቆይ» አለችና ሙሀይሚንን ልትጠይቀው ወደ ቤቱ በር ዞረች። ስሙን ልትጠራ አፏን ከፍታ ነበር። ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች ቀረች።