ግድግዳ ላይ የመታ ልብ

ሲስተር ሸዋዓለም ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ሁለተኛውን ያነበበችው ስላልገባት ሳይሆን ስላላመነች ነው። የምታስተምርበት የካልጋሪ ከተማ ኮሌጅ በዚያ ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1997 መሆኑ ነው፣ አንድ መምህር ከሌላ ክፍል መምህር ጋር ተጣምሮ ኮምፒውተርን ለማስተማሪያ ሊያውል ቢፈልግ ወጪውን እችላለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ብቻን መጠየቅ አይቻልም፤ ሁለት መሆን ግድ ነው። እሷ ነርሶችን የልብ ድምፅ ማዳመጥ ታስተምራለች፤ ዓብዱልቃድር ደግሞ እዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ያስተምራል። ተጣምረው አመለከቱ። መልሱ ይኸው መጣ፦ ማመልከቻችሁን አይተነዋል፣ ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነ ግን ሊገባን አልቻለም፤ ሐሙስ ቀርባችሁ አስረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጹ ለእያንዳንዱ አመልካች አንዳንድ ገጽ ነበረው፤ የእርስዎ ድርሻ ምንድን ነው ይላል። ሸዋዓለም በበኩሏ ሐሳቡም ሥራውም የአቶ ዓብዱልቃድር መሆኑን፣ እሷ አጠገቡ ከመቆም በቀር ምንም እንዳላደረገች ጻፈች። ዓብዱልቃድርም በገጹ ላይ ሁሉም ነገር የሲስተር ሸዋዓለም ዕውቀት መሆኑን፣ እሱ ሽቦ ከመቀጠል ያለፈ ነገር እንዳልሠራ አሰፈረ። አንዱ የሌላውን ሳያይ ፖስታው ታሸገ። እሷ ቤተ ክርስቲያን፣ እሱ መስጊድ እየሄዱ አደጉ እንጂ፣ በራስ አፍ ራስን ማሞገስ የሚያሳፍር መሆኑን ከአንድ እናት የተማሩ ነው የሚመስሉት። የካልጋሪው ኮሌጅ ኮሚቴ ታዲያ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ ቢያነብ ምንም የማይሠሩ ሁለት ሰዎች አገኘ። ምን ይፍረድ!

ዓብዱልቃድር ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሸዋዓለም አልሳቀችም፤ ሳቁም ቢሆን የደረሳት በግማሽ ነበር።

ቀኝ ጆሮዋ መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ግራውም ተከተለው። ሰው ሲያወራት ከንፈሩን እያየች ትሞላዋለች። ልብ ግን ከንፈር የለውም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ማዳመጫውን ሰው ደረት ላይ ስታሳርፍ ትልልቁን ምት እንጂ በመካከሉ ያለውን ቀጭን ሽውታ፣ ያ የተበላሸ የልብ በር የሚያሰማውን፣ መስማት አቅቷታል። ተማሪዎቿ ሰማን ሲሏት ጎበዞች ትላቸዋለች፤ ሰምተው ይሁን አስመስለው አታውቅም። ሃያ አራት ዓመት በጆሮዋ እንጀራ ስትበላ ለኖረች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ኮሌጁ የሰማ ዕለት ከክፍል አውጥቶ ፋይል የሚገላበጥበት ቢሮ እንደሚያስቀምጣት አልተጠራጠረችም። ከተማሪዎቿ መለየት ለእሷ ሞት ባይሆን የሞት ታናሽ ወንድም ነው።

ይህን ምስጢር ከዓብዱልቃድር በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሱም ቢሆን ነግራው አይደለም። አንድ ቀን በመኪናው ወደ ቴምፕል ሰፈር፣ ወደ ቤቷ ሲያደርሳት አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስቴም ወደ መስኮቱ እያየች ዝም አለች። መኪናውን ዳር ፓርክ አደረገና ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ሲስተር፣ አይሰሙኝም አይደል?»

አለቀሰች። እሱ አይዞዎትም አላላት። ቤቷ አድርሷት ሄደ። በሳምንቱ የማዳመጫውን ጎማ ቆርጦ፣ በውስጡ ትንሽ ማይክ ሸጉጦ፣ ጫፉን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ጠራት። ይህ ሰው ማጽናናት የሚችለው በሽቦ ብቻ ነው።

ለሙከራ የጠሩት ጋሼ ኑሩን ነበር። ጋሼ ኑሩ የአቢዴል ሰፈር ነዋሪ፣ ከሆቴል ላውንደሪ ጡረታ የወጡ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው። የልባቸው አንዱ በር በደንብ አይገጥምም፤ በመድኃኒት ይኖራሉ። በየሴሚስተሩ ክራቫታቸውን አስረው እየመጡ ተማሪዎች ደረታቸውን እንዲያዳምጡ ይቀመጣሉ፤ ግማሹ የከተማው ነርስ በእሳቸው ልብ ነው የተማረው ብለው ሲኮሩ ለጉድ ነው።

ዓብዱልቃድር ማይኩን ደረታቸው ላይ አደረገ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ መስመር ተዘረጋ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ሄደ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ጉብታ፣ ቀጥሎ አንድ አነስ ያለ፣ እንደገና ትልቅ፣ እንደገና ትንሽ። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል፣ መስመሩ ልሙጥ መሆን በሚገባው ቦታ፣ ደቃቅ ንዝረት እንደ ሣር በቅሎ ነበር።

ሸዋዓለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሽውታው ነው። ዓመት ሙሉ በየሰው ደረት ስትፈልገው የጠፋባት፣ ሌሊት ሌሊት በሐሳቧ ልታስታውሰው የምትታገለው ድምፅ፣ ይኸው በመልኩ መጥቶ ፊቷ ቆመ። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚሞት ታየዋለች። ጆሮዋ ደህና በነበረበት ዘመን እንኳ እንዲህ አጥርታ አላወቀችውም። ድምፅ መልክ አለው ብሎ የነገራት ማንም አልነበረም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጋሼ ኑሩ ግን ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ» አለ ዓብዱልቃድር።

ረጅም ጊዜ አዩት። «ሰባ አንድ ዓመት እንዲህ ሲለፋልኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንድ ቀን እንኳ ይስጥልኝ አላልኩትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸዋዓለም ሌላ ሰው ሆነች። ያመለከቱበት ገንዘብ ቢገኝ ደህና ማይክ ይገዛል፤ የብዙ በሽተኛ ልብ ይቀዳል፤ ዓብዱልቃድር ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጠዋል። የስኖው በረዶ መንገዱን ሲዘጋ ከከተማው ውጭ ኤርድሪ ቤቷ የቀረች ተማሪ በስልክ መስመር የጋሼ ኑሩን ልብ ልትሰማና ልታይ ነው። ይህን ስታስበው ሰውነቷን ውርር ያደርጋት ነበር። ገንዘቡ ካልተገኘ ግን ሁሉም ነገር አንዲት የተቆረጠች ጎማ ሆና ትቀራለች፤ እሷም ወደ ፋይሉ ቢሮ።

ሐሙስ ደረሰ። ዓብዱልቃድር ማይኩን፣ ኮምፒውተሩን፣ ስፒከሩንና ፕሮጀክተሩን የኮሚቴው ክፍል ውስጥ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። ቺኑክ የሚሉት በረዶ አቅላጭ ሞቃት ነፋስ ነፍሶ መንገዱ ሁሉ ውሃ ሆኖ ነበር። ከኮሚቴው በር ላይ ዓብዱልቃድር ይቅደሙ አላት፤ እሷ አንተ ቅደም አለችው፤ እሱ እንዴት ተደርጎ አለ፤ እሷ በሞቴ አለች። ውስጥ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ይህን ሁሉ በክፍት በር ይመለከታሉ። በመጨረሻ ሁለቱም አንድ ላይ ሲገቡ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ።

ሊቀመንበሯ ፀጉሯ የሸበተ የኬሚስትሪ መምህር ናት። ቀስ ብላ ስለምትናገር ሸዋዓለም ከንፈሯን በቀላሉ ተከተለች። ሥራው የማን ነው ብላ ጠየቀች። ዓብዱልቃድር የሲስተር ነው አለ። ሸዋዓለም ኧረ የሱ ነው አለች። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህንንማ ቅጹም ነግሮናል አለች፤ የኔ ነው የሚል ሰው የሌለውን ሥራ ግን ኮሌጁ ሊደግፍ አይችልም፤ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች አሉ።

ዓብዱልቃድር ወደ ሸዋዓለም ዞረ። ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር ነበረው፤ ምስጢሩ ግን የሱ አይደለምና አፉን ዘጋ። እሷም ይህንን ከፊቱ አነበበች። ተነሥታ ቆመች።

«የእኔ ድርሻ ጆሮዬ ነው» አለች። «እየደነቆርኩ ነው። የልብ ድምፅ አስተምራለሁ፣ የልብ ድምፅ ግን አልሰማም። ማሽኑን የሠራው እሱ ነው። መስመሩ ላይ የሚታየው ምን እንደሆነ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት እኔ ነኝ አለች። ፊቷ ጋለ።

ሊቀመንበሯ፣ በክፋት ሳይሆን፣ የማይሰሙትን ነገር እንዴት ያስተምሩታል አለች። ዓብዱልቃድር የጋሼ ኑሩ ልብ ወደ ተቀዳበት ዲስክ እጁን ሲሰድ ሸዋዓለም ያዘችው። ማይኩን አነሣች፤ በነጠላዋ ሥር አስገብታ በግራ ደረቷ ላይ አሳረፈችው። ቴፕም ቆርጣ ለጠፈችበት። ዓብዱልቃድር ሳይጠይቃት ፕሮጀክተሩን አበራ።

ግድግዳው በሙሉ ልብ ሆነ። አረንጓዴው መስመር ከጥግ እስከ ጥግ እየተወረወረ፣ ጉብታ በጉብታ ላይ እየተደራረበ፣ በስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ብርጭቆ እስኪያርገበግበው ድረስ ደለቀ። ሦስቱ ሰዎች ሰሙ። እሷ አልሰማችም፤ ወደ ግድግዳው ሄዳ ጣቷን አስቀመጠች።

«ይህ አንደኛው ምት ነው፣ በሮቹ ሲዘጉ። ይህ ሁለተኛው። በመካከላቸው ያለው ልሙጥ ነው፤ በሮቼ ደህና ናቸው ማለት ነው። እንዲህ የሚሮጠው ታሞ አይደለም።» ወደ ሦስቱ ሰዎች ዞረች። «ባለቤቱ ስለፈራች ነው።»

ይህን እንደተናገረች ጉብታዎቹ መራራቅ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት። የኮሚቴው ወጣት አባል ሳያውቀው እጁን የራሱ ደረት ላይ አድርጎ ነበር። ሊቀመንበሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፤ ሠላሳ ዓመት ስታስተምር እንዲህ ያለ ትምህርት አይታ እንደማታውቅ ተናገረች።

ከዚያ አዲስ ቅጽ አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችው። አሁን የነገርሽንን ጻፊልን አለች፤ የቀረው የእኛ ሥራ ነው። ያንን ክፍል ከአንቺ በቀር ማን ሊያስተምረው ይችላል?

ዓብዱልቃድር እስክሪብቶውን በሁለት እጁ አቀበላት። እሷም አንተ ቅደም አላለችውም። ጎንበስ ብላ በመጀመሪያው መስመር ላይ የራሷን ስም ጻፈች። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ልቧ ረጋ ብሎ ይመታል፤ ማይኩን ማውለቅ ረስታው ነበር፣ ማንም አላስታወሳትም።