ከሁለተኛው አንድም በኋላ

«ውክልናው ለቡናው መሬት ነው እንጂ ለዓይናቸው አይደለም» አለች እሌኒ።

«በማናቸውም ጉዳይ ይላል፤ ያረቀቅሁት እኔው ነኝ» አለ ብሩክ።

«ስለዚህ ነገ ጥርሳቸውንም ታስነቅላለህ?»

«ካመማቸው።»

ባሕር ዳር ካሉት የዓይን ክሊኒኮች ባንዱ በረንዳ ላይ ነበሩ። አግዳሚው በሕመምተኛ ስለ ሞላ ሁለቱ ቆመዋል። እሷ በጤና ጣቢያ ነርስ ነች፣ ታናሽ ወንድሟ ጠበቃ። አባታቸው የኔታ ገብረ ሕይወት አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈው ያዳምጣሉ።

የኔታ ዘጌ ላይ የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተምራሉ። ልጆቻቸው ከተማሪ ጋር ስላደጉ «አባባ» ብለዋቸው አያውቁም፤ እነሱም የኔታ ነው የሚሏቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። እስካሁን የሚያስተምሩት በቃላቸው ነበር፤ ሰሞኑን ግን መጽሐፉን ዘቅዝቀው ይዘው ሲያስተምሩ ዋሉ። ደፍሮ የነገራቸው ተማሪ አልነበረም፤ ወሬው ግን በጀልባ ባሕር ዳር ገባ። ልጆቻቸው ሄደው ይዘዋቸው መጡ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሐኪም ዛሬ ማታ ወደዚያው ይመለሳል፤ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ጠዋት የክሊኒኩ ነርስ የብርጓል «ሞራው እንዲገፈፍ ፈቃድዎ ነው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አዎ ወይም አይ ይላል።

«ፈቃድ» አሉ የኔታ። «ግእዙ ፈቀደ ነው፤ ፈለገ፣ ወደደ ማለት ነው። ቃሉ ወደ ዳኛውም ወደ ሐኪሙም የሄደው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ትርጓሜው ግን ብዙ ነው።»

«አንድም» እያሉ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ መደረብ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነውና የብርጓል «እመለሳለሁ የኔታ» ብላ ሄደች። ብሩክ ብዕር ያወጣውና በስማቸው የፈረመው ያን ጊዜ ነው።

«በል ራሳቸውን እንጠይቅ» አለች እሌኒ። ጎንበስ አለች። «የኔታ፣ ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም?»

«እሱን ልናገር ነው እኮ» አሉ። «አንድም፣ ፈቃድ የሥጋ ፈቃድ ነው፤ ሥጋ ያማረውን ሁሉ መከተል። ይህ ለእኛ አይሆንም።»

«አይሆንም አሉ» አለ ብሩክ።

«አንድም፣ ፈቃድ እንቢታ ያለበት ነው። እንቢ ለማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ፈቀደ አይባልም።»

ብሩክ ፍርድ ቤት ይህን ስንት ጊዜ ተከራክሮበታል።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «እንቢ ማለት መብታቸው ነው። ፊርማዬን አንሥቻለሁ።»

«ምን ማለትህ ነው አነሣሁ? ሰውዬው ማታ ይሄዳል።»

«ፊርማህ አይሠራም ስትይ የነበርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ይጠየቁ አልሁ እንጂ ይታወሩ አልሁ?»

«ሰውን ያለ ፈቃዱ ማከም ወንጀል ነው፣ እታለም።»

«አባትን ማሳወርስ? እሱን አንቀጹ አያውቀውም?»

ከአግዳሚው አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

የኔታ የሚወዱትን ትርጓሜ መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጡት። ልጆቻቸው ግን በልጅነታቸው ጉባኤው ዳር ተቀምጠው ይሰሙና፣ ሁልጊዜ ከሁለተኛው አንድም በኋላ ተነሥተው ወደ ሐይቁ ይሮጡ ነበር።

የብርጓል ስትመለስ ክርክሩ ስንት ዓመት ያስቀጣል ከሚለው ላይ ደርሶ ነበር። የኔታ በእግሯ ኮቴ አወቋትና ቀና አሉ።

«አንድም፣ ፈቃድ መናፈቅ ነው» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ፊደል ናፍቆኛል፣ ልጄ። ፈቅጃለሁ። መስመሩን ካሳየሽኝ እኔው እፈርማለሁ።»

የብርጓል ጣታቸውን ይዛ መስመሩ ላይ አሳረፈችላቸው፤ ፈረሙ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፤ ክንዷን ያዙና ቀስ እያሉ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

«እንግዲያው ክሰሺኝ» ይል ነበር ብሩክ።

«እከስሃለሁ። ጠበቃ ግን አንተን አላቆምም፤ ደንበኛህን ሳትጠይቅ ትፈርማለህ» አለች እሌኒ። እግሯ ዝሎ ነበርና አግዳሚው ጫፍ ላይ ባገኘችው ባዶ ቦታ ተቀመጠች።