ድንኳኑ ከሰማይ እንዳይታይ

«ሰልስቱ ሳይወጣ ድንኳን አይነቀልም» አሉ አቶ ወልደየሱስ። ከጧት ጀምሮ ይህንኑ ሲሉ ስንተኛቸው እንደሆነ እንጃ።

ዓባይነሽ አባቷን የቀበረችው ትናንት ነው። ዛሬ ደግሞ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ከእድሩ ዳኛ ጋር ስለ ሸራ ትከራከራለች። ለቅሶዋን እንኳ በወጉ እንድታለቅስ አልተዋትም።

«ጋሼ ወልደየሱስ፣ ሣህሉ ዛሬ ይመጣል እያልኩዎት!»

«ይምጣ። ልጅ አይደል? ይምጣና አባቱን ያልቅስ።»

«ለለቅሶ አይደለም የሚመጣው። ለፈተና ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሟ ሣህሉ ደብረ ዘይት አውሮፕላን ማብረር ተምሯል። አንድ የጨው ኩባንያ ደግሞ አለቆቹን ከአዲስ አበባ አሰብ የምታመላልስ ትንሽ አውሮፕላን ገዝቶ አብራሪ ይፈልጋል። ሣህሉ የቃል ፈተናውን አልፏል፤ የቀረው ዛሬ ሥራ አስኪያጁን ከጎኑ አስቀምጦ እዚህ አሰብ ድረስ አብርሮ መመለስ ነው። ቤት ለመምጣት ጊዜ የለውም፤ ነዳጅ ቀድቶ ይመለሳል። አባቱ መሞታቸውን አልሰማም። አጎቱ ነገ ንጋት ላይ አዲስ አበባ ሰው ሰብስበው ያረዱታል። አየር ማረፊያ ያሉትም ሁሉ ትንፍሽ እንዳይሉ አደራ ተብለዋል።

ችግሩ ድንኳኑ ነው። ወደ ሜዳው የሚወርድ አውሮፕላን ሁሉ በዚህ ግቢ ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። አብራሪው የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ የእድር ድንኳን ሲያይ ምን ሊል ነው? እጁ መሪው ላይ፣ ፈታኙ ጎኑ።

«መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም የሚሉት እርስዎ አይደሉም?» አለች ዓባይነሽ። «ታዲያ ወንድሜ መርዶውን ሰማይ ላይ ሆኖ ይስማ?»

አቶ ወልደየሱስ ጺማቸውን ዳበሱ።

ሟቹ አቶ ተክለጻድቅ የጉምሩክ ዘበኛ ነበሩ፤ በዕድሜያቸው አውሮፕላን ላይ ወጥተው አያውቁም። ልጃቸው አብራሪ እሆናለሁ ሲል ለወራት አኩርፈው ነበር። ሲታረቁ ግን ባሰባቸው። ሣህሉ ባለፈው ለዕረፍት የመጣ ጊዜ ከጣልያን የተረፈች ሰፊ ባርኔጣቸውን ደፉና ወንበር ላይ ተኮፈሱ። ሥራ አስኪያጅ ሆኑ ማለት ነው።

«ስምህ ማነው?»

«አባባ፣ ስሜን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ኩባንያው አላወጣልህም። መልስ።»

መለሰ።

«ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋብህ ምን ታደርጋለህ?»

ሣህሉ የተማረውን አንድ በአንድ ዘረዘረ። አልጣማቸውም።

«ፈጥነህ አወራህ። ለሚቸኩል ሰው አውሮፕላን የሚሰጥ ማነው? እንደገና።»

እንዲህ ሲሉ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሰውየው አያዝኑም። ዓባይነሽ «ምሳው እኮ ቀዘቀዘ፣ ልጁን ይተዉት!» ብትላቸው፣ «ኩባንያው ምሳህን ብላ አይለውም» ብለው መለሷት።

ሣህሉ ሊሄድ ሲል ደግሞ በርጩማ ግቢው መሐል አስቀምጠው ወጡበት። «አውሮፕላኗን ይዘህ ስትመጣ እዚህ ቆሜ ባርኔጣዬን አወዛውዝልሃለሁ። ካላየኸኝ ሞቻለሁ ማለት ነው» ብለው ሳቁ። በርጩማው አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ተንገዳገደ። «ዓባይ፣ ያዢልኝ እንጂ!» አሉ። «ዕድሜዎን አያውቁም?» እያለች፣ እየተነጫነጨች ያዘችላቸው።

«እሺ» አሉ አቶ ወልደየሱስ በመጨረሻ። «ግን ሸራውን የማስነቅለው ራሴ ነኝ። እናንተ ትቀድዱታላችሁ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ታጎረ። የአሰብን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለሱቁ ሀሰን የላከው በረዶ ሳይታደል ቀለጠ። የሟች እኅት እማማ ወሰኔ «ወንድሜ፣ ጋሻዬ!» ብለው ሙሾ ቢያነሡ አቶ ወልደየሱስ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በሉ፣ ይሰማል!»

«አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ምን ይሰማል ጋሼ? ያልቅሱ፣ ይተዉአቸው» አለች ዓባይነሽ። ራሷን አመማት። «ይልቅ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ቁመትዎ የአባባ ቁመት ነው። ባርኔጣቸውን አድርገው ይቁሙልኝ።»

ሰውየው ክው አሉ። «ትናንት በእጄ አፈር ያለበስኩትን ሰው ባርኔጣ ደፍቼ ልጁን ላታልል? ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ ይህስ ነውር ነው። ድንኳን ነቀልኩልሽ፣ ይበቃሻል።»

ብትለምናቸውም አሻፈረኝ አሉ። ዓባይነሽ ባርኔጣውን ራሷ ደፋች፤ ዓይኗ ድረስ ወረደባት። የአባቷን የዘበኛ ኮት ጥቁር ቀሚሷ ላይ ደረበች። እጅጌው የአባቷን ትምባሆ ይሸታል። ያን ጊዜ በባሕሩ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ።

ሮጣ በርጩማው ላይ ወጣች። አውሮፕላኗ ብልጭ አለች።

«ውረጂ» አሉ አቶ ወልደየሱስ ከኋላዋ።

«ዛሬን እንኳ አይጨቅጭቁኝ!»

«ውረጂ ነው የምልሽ። አባትሽ እንዲህ ድንክ አልነበረም።»

ባርኔጣውን ከራሷ ላይ አነሡ፣ ኮቱን ተቀበሏት፣ እያማተቡ በርጩማው ላይ ወጡ። አውሮፕላኗ ሳትቸኩል ዝቅ እያለች መጣች። ሰውየው መጀመሪያ በሐፍረት ነበር ያወዛወዙት፤ ግቢው ላይ ስትደርስ ግን ክንዳቸውን እስከ ጫፍ ዘርግተው አወዛወዙ። አውሮፕላኗ ክንፏን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገችና አለፈች። ሣህሉ አባቱን አይቷል።

ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ ከቤት ወጡ። «ድንኳኑን እንትከለው?» አለ አንዱ።

አቶ ወልደየሱስ አሁንም ወደ ባዶው ሰማይ ባርኔጣውን ያወዛውዛሉ። ትናንት መቃብር ላይ «ወንድ ልጅ ይቻል» እያሉ ሌላውን ሲገሥጹ የዋሉት ሰው እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ይወርዳል። በርጩማው ተንገዳገደ።

ዓባይነሽ «ይበቃል፣ ይውረዱ» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ጎንበስ ብላ አጭሩን እግር በሁለት እጇ ያዘችላቸው።